ቀለም የተቀባው ስም

ሊወስዱኝ የመጡት ሦስት ነበሩ። አንዱ የጽሕፈት መኪናዬን ተሸከመ፤ አንዱ ወረቀቶቼን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቀ፤ ሦስተኛው እጄን ያዘ። ሆሳዕና ውስጥ መንገድ ዳር ዣንጥላ ዘርግቼ ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወረፋ የያዙ ሁለት ገበሬዎች "የእኛስ ነገር?" ብለው ጠየቁ። እጄን የያዘኝ ሰው "ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ" አላቸው። ቤቴም ሄደው ፊደል ያረፈበትን ወረቀት ሁሉ ለቀሙ፤ የልጆቼን ደብተር ሳይቀር። ሚስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ጋቢዬን አጥፋ ሰጠችኝና "ብርድ ነው" አለችኝ።

ጥፋቴ አንድ ገጽ ማመልከቻ ነበር። የሰፈራችን ወላጆች ልጆቻቸው ተይዘው የት እንደገቡ አጥተው፣ ያሉበት እንዲነገራቸው የሚጠይቅ ደብዳቤ አስጻፉኝ። ሰባ ሰው ፈረመበት። ሌላ ነገር አልነበረውም።

ያስገቡኝ ክፍል ዱሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው የበሰበሰ ገብስ ይሸታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሚስማር ከተነቀለባቸው ቀዳዳዎች የሳንቲም ያህል ብርሃን ወለሉ ላይ ይወርዳል፤ ቀን በሙሉ ቀስ እያለ ከአንዱ ሰው እግር ወደ ሌላው ይሄዳል። አሥራ አራት ሰዎች ነበርን። በሩ ሲከፈት ሁሉም ቀና አሉ። ከግድግዳው ጥግ አንድ ሰው ፍራሹን ጠቅለል አድርጎ "እዚህ ና፣ ቦታ አለ" አለኝ።

አወቅኩት። ከከተማው ሰው ሁሉ መርጠው ከእሱ ጋር አሰሩኝ።

መምህር ነው። አባቱ ከሰሜን ለሥራ መጥተው ሆሳዕና የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አድጓል። አዲስ መምህር ሆኖ የተመደበው አንጋጫ ነበር፤ በዚያም በሚስቴ አባት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ አራት ዓመት ኖረ። ሚስቴ ያኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር። ሽማግሌ ላከ። አማቴ "ጥሩ ሰው ነህ፤ እምነታችን ግን አንድ አይደለም" ብለው መለሱት። ከዓመት በኋላ የእኔን ሽማግሌዎች ተቀበሉ። ይህን ከሠርጌ በፊት አውቅ ነበር። ከሠርጌ በኋላ ግን ባላወቅኩ ኖሮ ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ስለ ራሴ ሳልደብቅ ልናገር። ከአራተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የቀጠልኩት በመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ መጻፍን ያሻሻልኩት ሰዎች ያመጡልኝን የዳኝነት ወረቀት ደጋግሜ በመገልበጥ ነው። በራሱ የተማረ ሰው ትዕቢቱ ከባድ ነው፤ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረውን ሰው ሁሉ እንደ ባላጋራ ያያል። በዚያ ላይ ልብ ወለድ የሚባል ነገር አልወድም ነበር። "ያልሆነውን ሆነ ማለት ውሸት ነው" እል ነበር። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ሚስቴ አንድ ሽፋኑ የላላ ልብ ወለድ ስታነብ አገኘኋት። ተቀብዬ ቁም ሳጥን ላይ ወረወርኩት። "የጌታ ቃል እያለ በዚህ ዓይንሽን አታድክሚ" አልኳት። "እሺ" አለች። ሚስቴ "እሺ" ስትል ነገሩ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

በእስር ቤቱ ቤተሰብ ማየት አይፈቀድም ነበር፤ ምግብ ብቻ ይገባል። ማክሰኞና ቅዳሜ ሚስቴ በር ላይ ትመጣለች፣ ጠባቂው ፊት ከምግቡ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ሳህኑ ይገባል። መጽሐፍ ክልክል ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከቆጮው ጋር ቆሎ ላከች። ቆሎው በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። ወረቀቱ የታተመ ነበር።

ቆሎውን ጋቢዬ ላይ ገልብጬ ወረቀቱን ልጥለው ስል፣ ጎኔ የተቀመጠው ባለ ሦስት ልጆች የባጃጅ ሹፌር እጄን ያዘ። "ኧረ ጸሐፊው! ንባብ ነው እኮ!" በዚያ ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጭረት በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረም። ወረቀቱ እጅ በእጅ ዞሮ መምህሩ ጋ ደረሰ። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ማንበብ ሲጀምር የሚያስለው ሰው ሳሉን ዋጠ።

የዱሮ ዘመን ታሪክ ነበር። ውድነሽ የምትባል የኬላ ጠባቂ ልጅ አለች። አንድ ግንበኛ ይወዳታል። የአገሩ ነጋድራስም ይፈልጋታል። ይህ ነጋድራስ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ሰው ሲያስገርፍ ጀርባውን ሰጥቶ አበባውን ውሃ የሚያጠጣ ሰው ነው። ግንበኛው ለነጋድራሱ የድንጋይ ግምጃ ቤት ይሠራለታል፤ ሥራው ሲያልቅ ነጋድራሱ ያስገባውና በሩን ይቆልፍበታል።

መምህሩ በመካከል ቆመ። "ስሙ ተቀብቷል" አለ።

ወረቀቱን አየሁት። የግንበኛው ስም በተጻፈበት ቦታ ሁሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተደፍኗል። በችኮላ የተሰረዘ አይደለም። አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ ልክ እንደ ጥልፍ ተሞልቷል። የሚስቴን እጅ አውቃለሁ። መስመር ስታሰምር እንኳ ከጫፍ አታልፍም።

"መምህር፣ ስም ከጠፋ የራስህን አስገባበት!" አለ ሹፌሩ።

"እኔ ምን ቤት ነኝ?"

"ገብተህ እያት እንጂ! ውድነሽ እየጠበቀችህ ነው!"

ቤቱ ሳቀ። መምህሩም ፈገግ ብሎ "እከሌ" እያለ ማንበቡን ቀጠለ። ሹፌሩ ግን "እከሌ" በተባለ ቁጥር ከሥር "መምህር!" እያለ ይጮኻል፤ ሌሎቹም ተከተሉት። "መምህር እጇን ያዘ።" "መምህር ዓይኗን አየ።" አሥራ ሁለት ሰው በአንድ አፍ። ቆሎዬ ሳልበላው ጋቢዬ ላይ ቀረ።

ያኔ ነው መጽሐፉን ያወቅኩት፤ "ውድነሽ" የሚለው ስም ሽፋኑ ላይ ነበር። ቁም ሳጥን ላይ የወረወርኩት ነበር።

ከሰዓት በኋላ መምህሩ ጠጋ አለኝ። "አንድ ነገር ልንገርህ" አለ ዝቅ ብሎ። "ከሌላ እንዳትሰማው ነው። ይህን መጽሐፍ እኔ ነኝ የሰጠኋት። ከአንጋጫ ስዛወር። ገበያ ገዝቼው ሳላነበው ሰጠኋት። ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።"

"መልካም" አልኩት። ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ለሁለት ወር ያህል እንደዞረ ቆየ።

ቅናት ሰውን ጠንቃቃ አንባቢ ያደርገዋል። በየማክሰኞውና በየቅዳሜው ወረቀቱ ሲመጣ አስቀድሜ እኔ እቀበላለሁ፤ አንብቤ ሳይሆን ቆጥሬ እሰጣለሁ። ስንት ቦታ እንደቀባች እቆጥር ነበር። አንድ ገጽ ላይ ዘጠኝ። አንዱ ላይ አሥራ አራት። የአንድ ፍቅረኛን ስም እንዲህ አጥፍቶ ቦታውን ባዶ የሚተው ሰው ማንን ሊያስገባበት ነው? መጽሐፉን የሰጣት ሰው እዚሁ ተቀምጧል፤ እዚህ መኖሩን እሷም ታውቃለች። እኔ ልብ ወለድ እንደማላነብ ታውቃለች። ታዲያ የምትልከው ለማን ነው? ሄጄ ልጠይቃት አልችልም። ባዶውን ሳህን ስመልስ ከውስጡ ጥያቄዬን ታገኝ ይመስል ትኩር ብዬ አየው ነበር።

ሹፌሩ ምንም አያውቅም። "ጸሐፊው፣ ሚስትህ ቆሎ አይደለም የምትልክልን፣ ሲኒማ ነው!" ይለኛል።

መርማሪው የጠራኝ በዚያ መካከል ነው። የጽሕፈት መኪናዬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ወረቀት አልገባበትም። መርማሪው እያናገረኝ በአንድ ጣቱ አንዷን ቁልፍ ይጫናል፤ ጠቅ። ቆይቶ እንደገና፤ ጠቅ። ድምፁ ለስላሳ ነበር። "ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ። ሻይ ይምጣልዎት?" ከእኔ ብዙም አያንስም፤ ግን ጋሼ ይለኛል። በኋላ ቤቱ ሁሉ "ነጋድራሱ" ብሎ የጠራው እሱን ነው።

ማመልከቻውን አውጥቶ አንድ መስመር በጥፍሩ አሰመረ። "'የት እንዳለ ያላወቅነውን ልጅ እንዴት አድርገን እንምከረው?' ይህ የእርስዎ ቃል ነው ጋሼ?"

"የእኔ ነው።"

"አራተኛ ክፍል ነው ያቆሙት አይደል? ይህን የተማረ ሰው ነው የጻፈው። እርስዎ መኪናውን ነው የመቱት። ያስጻፈዎት መምህሩ ነው። እንደዚያ ብለው ይፈርሙልኝና ቤትዎ ይግቡ።"

ጠቅ አደረገ።

"ባለቤትዎ ጎበዝ ሴት ናት" አለ። "ቅዳሜ ለት ሳህኑን ስታስረክብ ጠባቂውን ምን ብላ እንደጠየቀችው ያውቃሉ? 'መምህሩም ይበላል?' ነው ያለችው። እኔ ክፉ አላሰብኩም። ለእርስዎ ግን አዘንኩ። እርስዎ እዚህ በሌላ ሰው ቃል ታስረው፣ ያ ሰው ደግሞ የእርስዎን ቆሎ ይቆረጥማል።"

ይህን ሲለኝ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ንዴት አልነበረም። ደስታ ይመስል ነበር። አንድ ሰው በመጨረሻ ልክ ነህ ያለኝ ያህል። መምህሩን ወደ ሌላ ቦታ የሚወስዱትን መኪና በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት፤ በሩ ሲዘጋ ሰማሁት።

"ነገ እፈርማለሁ" አልኩ።

ይህን ቃል ተናግሬያለሁ። ልጆቼ ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ አባታቸው ያላለው እንዳይመስላቸው በራሴ እጅ ጻፍኩት። ማንም አልመታኝም። ማንም አላስራበኝም። ሻይ ተጋብዤ ነው ያልኩት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ቆሎው ገብቷል። እኔ ከበሩ ሥር፣ አየር በሚገባበት በኩል ጥሩ ቦታ ደርሶኝ ነበር። መምህሩን "እዚህ ና፤ አንተ ደረትህን ያምሃል" አልኩትና ቦታዬን ለቀቅኩለት። ተገርሞ አየኝ። አመስግኖ ተቀመጠ። ከዚያ ወረቀቱን አነሣ።

ግንበኛው ጨለማ ውስጥ ነው። ነጋድራሱ በበሩ ስንጥቅ "ውድነሽ ትናንት ከእኔ ጋር ነበረች" ይለዋል። መምህሩ "እከሌ ግን" ብሎ ሲጀምር ቤቱ "መምህር!" ብሎ ጮኸ፤ ያኔ ተነሥቼ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅኩ።

"ማን ነው የተቀባው?" አልኩ። "አንተ ታውቃለህ። ማነው ከሥሩ ያለው?"

"አላውቅም ወንድሜ። እኔም ካንተ እኩል ነው የማየው።"

ወረቀቱን ከጣሪያው በሚወርደው ብርሃን ፊት ዘረጋሁት። ቀለሙ ወፍራም ነው፤ ግን በአንደኛው ቦታ እስክሪብቶው ሳስቶ የመጀመሪያዋ ፊደል ታየች። "ላ" ትላለች። የመምህሩ ስም በ"ላ" አይጀምርም። ይህ እንኳ አላረጋጋኝም። ሌላ ሦስተኛ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ቅናት ሲጀምር እንዲህ ነው፣ ማስረጃው ሲጠፋ ሌላ ተከሳሽ ይፈልጋል።

ጥግ ላይ ከሙዱላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሲነበብ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር እንጂ ብዙ አይናገሩም። "ጸሐፊ፣ ወረቀቱን ልይ" አሉኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ቀለሙን በጣታቸው ዳሰሱ።

"ባለቤትህ ከወዴት ናት?"

"ከአንጋጫ።"

"የእኛው ወገን ናት። አባትህ ስማቸው ማን ነው?"

ነገርኳቸው። የአባቴ ስም በ"ላ" ይጀምራል። ሽማግሌው ወረቀቱን መለሱልኝ።

"ታዲያ ምን ታስጮኸናለህ?" አሉ። "የእኛ ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አታነሣም። ስማቸው የሚጀምርበትን ድምፅ ራሱ አትጠራም። ባሊሻ እንለዋለን፤ አክብሮት ነው። የአባቴ ስምና ቅቤ በቋንቋችን በአንድ ድምፅ ስለሚጀምሩ፣ የእኔ ባለቤት አርባ ዓመት ሙሉ ቅቤን በስሙ ጠርታ አታውቅም፤ አባቴ ከሞተም በኋላ።"

"ይህ እኮ መጽሐፍ ነው አባባ" አለ ሹፌሩ።

"ከንፈሯ አይደል የሚያነበው?" አሉት።

ይህ ልማድ በእኛም ዘንድ ነበር፤ የማላውቀው አልነበረም። ግን በተጋባን በመጀመሪያው ወር "በክርስቶስ ነፃ ወጥተናል፤ ይህን አሮጌ ነገር ተዪ" ብያት "እሺ" ብላኝ ነበር። ያኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በከምባትኛ ሁለት "ላሙ" ነው። ሚስቴ ልጆቻችንን ቁጥር ስታስተምር፣ በገበያ በቆሎ ስትቆጥር፣ በአማርኛ እንኳ "አንድ፣ ጓደኛው፣ ሦስት" ትላለች። ለልጆቹ ጨዋታ የፈጠረችላቸው ይመስለኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሰምቼው አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ዓይናቸው ጠፍቶ እኛ ዘንድ ነበሩ። እግራቸውን ያጠበቻቸው እሷ ናት። እኔ ማመልከቻ እጽፍ ነበር።

ያን ቀን የብርሃኗ ሳንቲም ከእግሬ ተነሥታ መምህሩ ጉልበት ላይ ደረሰች፤ ከዚያ ግድግዳውን ወጥታ ጠፋች።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ፣ እስክሪብቶው ከላዩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ጠቅ።

"አልፈርምም" አልኩ።

ጣቱ ቁልፏ ላይ ቀረ። "ትናንት ያሉኝ እንዲህ አልነበረም ጋሼ።"

"ትናንት ዋሽቻለሁ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቃሉ የእኔ ነው፤ ነጠላ ሰረዙም የእኔ ነው። መምህሩ የሚያውቀው ነገር የለም።"

"አራተኛ ክፍል" አለ።

"ወረቀት ያስገቡበት" አልኩት። ለምን እንደታዘዘኝ አላውቅም፤ ምናልባት ጓጉቶ ይሆናል። አንድ ነጭ ወረቀት አስገባ። ቆሜ መኪናዬን ወደ ራሴ ዞር አደረግኩና ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች፣ ሳላይ፣ አንድ ፊደል ሳልስት መታሁት። ሲያልቅ ስሜን ጨመርኩ፤ በመጀመሪያው ላይ ከሰባው ፈራሚ ውስጥ የእኔ ስም አልነበረም፣ ጸሐፊ ብቻ ነኝ ብዬ ፈርቼ ትቼው ነበር።

አነበበው። አጠፈው። "ለመምህሩ ነው ይህን የሚያደርጉት?" አለኝ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነው። "እሱ ለእርስዎ የሚያደርግልዎት ይመስልዎታል?"

"ለእሱ አይደለም" አልኩት። እውነቴን ነበር።

"ከዛሬ ጀምሮ ከውጭ ምግብ አይገባልዎትም" አለኝ። ይህንንም ሲለኝ ሻይ ጋበዘኝ። አልጠጣሁም።

ክፍሉ ስገባ ሁሉም ፊቴን አዩ። የትናንቱ ወረቀት መምህሩ ጋ ነበር። "ስጠኝ፤ ዛሬ እኔ አነባለሁ" አልኩ። ሹፌሩ "ጸሐፊውም ገባበት!" ብሎ ሳቀ። ድምፄ እንደ መምህሩ አይደለም፤ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ድምፅ ነው። ስሙ የተቀባበት ቦታ ስደርስ ቆምኩ። "እከሌ" አላልኩም። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብዬ አለፍኩ። ሹፌሩ በመጀመሪያው "መምህር" ሊል አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው በክርናቸው ነኩት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ማንም ምንም አላለም። በዚያ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ሰው፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ አባቴን አይተዋቸው የማያውቁ፣ ስማቸው በመጣ ቁጥር ዝም አለላቸው።

ያ የመጨረሻው ንባባችን ሆነ። መጽሐፉ ሊያልቅ የቀሩት ጥቂት ገጾች ነበሩ። በሳምንቱ መምህሩን ከነፍራሹ ጠሩት፤ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። ሲወጣ ጨብጦኝ "መጨረሻውን ካገኘህ ንገረኝ" አለኝ። እኔ አምስት ወር ቆየሁ።

ቤቴ ስገባ ከታጠብኩ በኋላ የጠየቅኳት የመጀመሪያ ነገር ይህንኑ ነበር። አላፍርበትም።

"ለምን ያንን መጽሐፍ ላክሽ?"

"ወረቀቱን ሁሉ ወስደውት የለ እንዴ?" አለች። "ቤት ውስጥ የቀረ ወረቀት እሱ ብቻ ነበር። ቁም ሳጥን ላይ ስለሆነ አላዩትም።" ጨመረችም፦ "ደግሞ እዚያ ሌላ ሥራ የለህም። እዚህ ሆነህ አታነበውም።"

"መምህሩ መብላቱን ጠይቀሽ ነበር?"

"ጠይቄያለሁ። አራት ዓመት ከአባቴ ቤት የበላ ሰው ነው፤ የሚያመጣለት አልነበረውም።" ዓይኔን ቀጥ ብላ አየችኝ። "ሌላ የምትጠይቀኝ አለ?"

"ስሙን መቼ ነው የቀባሽው?"

ይህን ስጠይቃት ነው ያፈረችው። አንተ ለሥራ ስትወጣ ለአባትህ አነብላቸው ነበር፤ አለችኝ። ዓይናቸው ጠፍቶ ቀኑ አልመሽ ሲላቸው። ፊታቸው ተቀምጣ አፏ ድንገት እንዳይስት ቀድማ ቀባችው። "ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ" አለች። "ነጋድራሱን ይራገሙት ነበር። ላንተ እንዳትነግሪው ብለውኛል፤ ይቆጣል ብለው።"

አባቴ ከእኔ ተደብቀው ልብ ወለድ ሰምተዋል። መምህሩ ሰምቷል። የባጃጅ ሹፌሩ ሰምቷል። ያን ታሪክ ከሚስቴ አፍ ያልሰማሁት ባሏ ብቻ ነበርኩ። ከእስር ወጥቼ በዚያች ቀን በሟች አባቴ ቀናሁ።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ልጆቼ አድገዋል፤ ትንሿ ልብ ወለድ በስልኳ ስታነብ አያታለሁ፤ አልከለክላትም፣ ምን እንደምታነብ ግን እጠይቃታለሁ። የእኛ ነጋድራስ ጡረታ ወጥቷል። ገበያ ስንገናኝ "ጋሼ፣ ደህና ነዎት?" ይለኛል። ደህና ነኝ እለዋለሁ።

መምህሩን ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ፣ በምርኩዝ ይሄድ ነበር። ሰላምታ ሳንጨርስ "መጨረሻው ምን ሆነ?" አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁትና "ቤት እንሂድ፤ እሷ ትንገርህ" አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ መንገዱን ሙሉ ራሴን ወቅሻለሁ።

ሚስቴ ቆጮና አይብ አቀረበች። ሦስታችንም በላን። ከዚያ ነገረችው። ግንበኛው ግምጃ ቤቱን ሲገነባ አንዲት ድንጋይ ያለ ጭቃ ትቶ ነበር፤ ከውስጥ አትገፋም፣ ከውጭ ግን ትሳባለች። ይህን የሚያውቁት እሱና ውድነሽ ብቻ ናቸው። ነጋድራሱ የነገረውን አምኖ ቢሆን ኖሮ ከድንጋይዋ አጠገብ አይጠብቅም ነበር። ጠበቀ። መጣች። ስትነግረው ግንበኛውን "እሱ" ነው የምትለው፤ ድምፅዋም እኔ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነበር። መምህሩ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ ቅናቴ እንደ ዱሮው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያረጅ፣ ጎድኔን ወጋኝ።

"ነጋድራሱስ?" አለ መምህሩ።

"አርጅቶ ሞተ" አለች።

"ልክ ነው" አለ። "እንደዚያ ነው የሚሆነው።"

ያኔ ተናገርኩ። "ለሁለታችሁም ያልነገርኩት ነገር አለ" አልኩ። "ነገ እፈርማለሁ ብዬ ነበር። ባንተ ላይ።"

ሚስቴ ዓይኗን ወደ ወለሉ አደረገች። መምህሩ ግን አልደነገጠም።

"አውቄ ነበር" አለኝ።

"እንዴት?"

"ሁለት ወር ፊትህን ያዞርክብኝ ሰው በዚያን ቀን ተነሥተህ በሩ ሥር ያለውን ቦታህን ሰጠኸኝ። ሰው ሊሸጥህ ሲል እንዲያ ደግ ይሆናል።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ምን ልበልህ?" አለ። "ነገ ገና አልመጣም ነበር።"

ተነሥቼ የእጅ ማስታጠቢያውን አመጣሁና ውሃ አፈሰስኩለት። እንግዳን ማስታጠብ የልጆች ሥራ ነው፤ ልጆች ግን አልነበሩም፣ ቢኖሩም አልሰጣቸውም ነበር። እጁ አርጅቷል። የእኔም።

ሚስቴ ከኋላችን ሳህኖቹን እያነሣች አንዱን በአንዱ ላይ ትደርብ ነበር። እንደ ልማዷ ዝቅ ባለ ድምፅ ትቆጥራለች።

"አንድ" አለች። "ጓደኛው። ሦስት።"